ትንሽ የኦንላይን ሱቅን ከቦት ለመጠበቅ ከየት ይጀመራል?

ሳይቱ ድንገት ይንቀራፈፋል። ሆስቲንጉ «ከተፈቀደላችሁ የሲፒዩ መጠን አልፋችኋል» የሚል ኢሜይል ይልካል። ሽያጩ ግን ያው ነው። ወይም ደግሞ ጠዋት የትዕዛዝ ዝርዝሩን ስትከፍቱ ሌሊቱን የገቡ ያልተሳኩ ክፍያዎች ተደርድረው ይጠብቋችኋል፤ ስሙ ትርጉም የሌለው የፊደል ክምር፣ ኢሜይሉም እንደዚያው፣ የተመረጠው ዕቃ ደግሞ ሁሌም ከሱቁ ርካሹ። እነዚህ ደንበኞች አይደሉም። ቦቶች ናቸው፣ ማለትም ያለ ሰው እጅ በራሳቸው ሳይት የሚጎበኙ ፕሮግራሞች።

ብዙ የትንሽ ሱቅ ባለቤት «የኔን ሱቅ ማን ከቁም ነገር ይቆጥረዋል» ብሎ ይተወዋል። ቦት ግን መርጦ አይመጣም። ዎርድፕረስ፣ ዉኮሜርስ ወይም ሌላ የታወቀ ሲስተም ያለበትን ሳይት ሁሉ ያንኳኳል፣ ትልቅ ይሁን ትንሽ ደንታ የለውም። ኢምፐርቫ የተባለው የደኅንነት ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣው ሪፖርት በ2024 ከነበረው የኢንተርኔት ትራፊክ 51 በመቶው የቦት እንደነበር ገልጿል። ስለዚህ መምጣታቸው አይቀርም። የእናንተ ሥራ የትኛው ቦት ምን እየነካ እንደሆነ ማወቅና የሚጎዳችሁን በር መዝጋት ነው።

ከዚህ በታች ያለውን በቅደም ተከተል ሥሩት። አብዛኛው ሰው ሲቸግረው መጀመሪያ የሚያደርገው በየገጹ ካፕቻ (ጎብኚው ሰው መሆኑን የሚያጣራ ፈተና) መለጠፍና አገር በሙሉ ማገድ ነው። ከዚያ ቦቱ በሌላ በኩል ዞሮ ይገባል፣ ገንዘብ ይዞ የመጣው ሰው ግን ውጭ ይቀራል።

1. መጀመሪያ ሎጉን አንብቡ

ጎግል አናሊቲክስ ለዚህ ሥራ አይበቃም። አናሊቲክስ የሚቆጥረው ጃቫስክሪፕቱን ያስኬደ ብራውዘርን ነው፣ የሚያውቃቸውን ቦቶች ደግሞ ራሱ ከቁጥሩ ያወጣቸዋል። ለዚህ ነው ሰርቨሩ እየተቃጠለ አናሊቲክሱ ሰላም የሚመስለው። እውነቱ ያለው የሰርቨሩ አክሰስ ሎግ ውስጥ ነው፣ ማለትም የመጣው ጥያቄ ሁሉ የሚመዘገብበት ፋይል ውስጥ። ሲፓነል የምትጠቀሙ ከሆነ «ሮው አክሰስ» የሚለውን ከፍታችሁ ፋይሉን አውርዱ። ሌላ ሆስቲንግ ከሆነ ድጋፍ ሰጪዎቹን ጠይቁ፣ ይሰጧችኋል።

እያንዳንዱ መስመር አንድ ጥያቄ ነው። ማን ጠየቀ፣ መቼ፣ የትኛውን ገጽ፣ ሰርቨሩ ምን ብሎ መለሰ፣ ጠያቂውስ ራሱን ማን ነኝ አለ። ፋይሉን ኤክሴል ላይ በዓምድ ከፋፍሉትና ፒቮት ሠርታችሁ ቁጠሩት፦ ብዙ ጊዜ የመጣው አይፒ (የጠያቂው የኢንተርኔት አድራሻ) የትኛው ነው? ብዙ ጊዜ የተጠየቀው ገጽስ? ብዙ የታየው ዩዘር ኤጀንትስ (ጠያቂው ራሱን ያስተዋወቀበት ስም)? ግማሽ ሰዓት የማይፈጅ ሥራ ነው፣ ከዚህ በኋላ የምትወስኑትን ሁሉ ግን ይለውጠዋል።

አንድ ምሳሌ እንይ። እኩለ ሌሊት ላይ የጫማ ገጻችሁ በቀይ ቀለም ተጣርቶ ተጠየቀ። በዚያው ሰከንድ በቀይና በ42 ቁጥር። ከዚያ በቀይ፣ በ42 ቁጥርና ከርካሽ ወደ ውድ ተደርድሮ። ከዚያ ያው ነገር በሰማያዊ። ፎቶ አልተጠየቀም፣ የስታይል ፋይል አልተጠየቀም፣ ገጹ ብቻ። እንዲህ የሚገበያይ ሰው የለም። ይሄ የማጣሪያ ሊንኮችን አንድ በአንድ እየተከተለ መውጫ ያጣ ቦት ነው። ሃምሳ ዕቃ ያለው ሱቅ በቀለም፣ በመጠንና በዋጋ ማጣሪያ ሲባዛ ብዙ ሺህ አድራሻ ይወጣዋል፣ እያንዳንዱ አድራሻ ደግሞ ዳታቤዙን እንደ አዲስ ያሠራዋል።

ሌሎቹም ምልክት አላቸው። መግቢያ ገጹ ላይ የተደረደረ ጥያቄ ካያችሁ ፓስወርድ እየተገመተ ነው። የክፍያ ገጹ ላይ ከሆነ ካርድ እየተሞከረ ነው። የመልእክት ቅጹ ላይ ከሆነ ስፓም ነው። መድኃኒቱ ለየቅል ስለሆነ የትኛው እንዳለባችሁ ሳታውቁ ወደ ቀጣዩ አትለፉ።

2. ወዳጆቻችሁን ለዩ

ማገድ ከመጀመራችሁ በፊት ወረቀት አውጡና የምትፈልጓቸውን ቦቶች ጻፉ። ጎግልቦትና ቢንግቦት ካልገቡ ከፍለጋ ትወጣላችሁ። የክፍያ አቅራቢያችሁ «ክፍያው ተፈጽሟል» ብሎ የሚልከው ዌብሁክም ከሰርቨር ወደ ሰርቨር የሚመጣ ስለሆነ ለፋየርዎል (ትራፊክ ለሚያጣራው አጥር) ቦት ነው የሚመስለው። እሱ ከታገደ ደንበኛው ከፍሎ ትዕዛዙ «ያልተከፈለ» እንደሆነ ይቀራል። ሊንካችሁ ፌስቡክ ወይም ቴሌግራም ላይ ሲለጠፍ ፎቶና ርዕስ ሊያወጡ የሚመጡትም አሉ። የዕቃ ማድረሻ ሲስተም፣ የሒሳብ ሶፍትዌር፣ ሳይቱ መሥራቱን የሚከታተል አገልግሎት ካላችሁ እነሱንም ጨምሩ።

ዩዘር ኤጀንት የሚለውን ብቻ አትመኑ። «ጎግልቦት ነኝ» ብሎ መጻፍ ለማንም ቀላል ነው። ማረጋገጫው እንዲህ ነው፦ የመጣበትን አይፒ በተገላቢጦሽ ዲኤንኤስ (አይፒ ሲሰጡት ስሙን በሚመልስ ፍለጋ) ፈልጉት፣ የሚመልሰው ስም በጎግልቦት ዶት ኮም ወይም በጎግል ዶት ኮም ማለቅ አለበት። ከዚያ ያንን ስም መልሳችሁ ስትፈልጉት ያው አይፒ መምጣት አለበት። ሁለቱ ካልገጠሙ አስመሳይ ነው፣ ያለ ርኅራኄ አግዱት። ለቢንግ ስሙ የሚያልቀው በሰርች ዶት ኤምኤስኤን ዶት ኮም ነው።

3. የሮቦትስ ፋይሉን አስተካክሉ

ቦቶች የትኛው ገጽ ውስጥ እንዳይገቡ የሚነገርበት ፋይል፣ ሮቦትስ ዶት ቲኤክስቲ፣ የተጀመረው በ1994 ነው፣ አርኤፍሲ 9309 ተብሎ መደበኛ ሰነድ የሆነው ደግሞ በ2022። ፋይሉ ልመና ነው፣ አጥር አይደለም። ጨዋ ቦት ይታዘዘዋል፣ ባለጌው አያየውም። ቢሆንም ሥሩት፣ ምክንያቱም ሰርቨር ከሚያጨናንቁት ብዙዎቹ ጨዋዎቹ ናቸው፣ ማንም አትግቡ ስላላላቸው ነው የሚገቡት።

የቅርጫቱን፣ የክፍያውንና የደንበኛ አካውንቱን ገጽ ዝጉ። የሳይቱን የውስጥ ፍለጋ ዝጉ። ማጣሪያና መደርደሪያ የያዙ አድራሻዎችን ዝጉ። ዉኮሜርስ ላይ አንድ በቀላሉ የሚታለፍ ነገር አለ፦ በዕቃ ዝርዝር ገጽ ላይ ያለው «ወደ ቅርጫት ጨምር» የሚለው አዝራር ብዙ ጊዜ ተራ ሊንክ ነው። ቦት ሲከተለው ቅርጫት ይከፈትለታል፣ ዳታቤዝ ውስጥ ሴሽን (የጉብኝቱ መዝገብ) ይፈጠርለታል፣ ገጹም ከካሽ (ተዘጋጅቶ ከተቀመጠው ቅጂ) መውጣቱ ይቀርና ሰርቨሩ እንደ አዲስ ይሠራዋል። ያንን ሊንክ መዝጋት ብቻውን ትልቅ እፎይታ የሰጣቸው ሱቆች አሉ።

የስታይልና የጃቫስክሪፕት ፋይሎችን ግን አትዝጉ፣ ጎግል ገጹን በትክክል ማየት ያቅተዋል። የአድሚን ምስጢራዊ አድራሻ ካላችሁም እዚህ ፋይል ላይ አትጻፉት። ፋይሉ ለሁሉም ክፍት ነው፣ ሌባው መጀመሪያ የሚያነበው እሱን ነው።

የኤአይ ቦቶች ጉዳይ የእናንተ ውሳኔ ነው። ጂፒቲቦት፣ ክላውድቦት፣ ሲሲቦትና ባይትስፓይደር በስማቸው ሊከለከሉ ይችላሉ። ሳታስቡት ግን ሁሉንም በአንድ ላይ አትጥረጉ። ለምሳሌ ኦፕንኤአይ ለሥልጠና የሚልከው ጂፒቲቦትን ነው፣ ለፍለጋ የሚልከው ሌላ ነው፤ ሁለተኛውን ከዘጋችሁ ቻትጂፒቲ ላይ ዕቃ የሚፈልግ ሰው እናንተን አያገኝም። ጎግል ኤክስቴንድድ የሚለውን (ጎግል ለኤአይ የሚጠቀምበትን ስም) መከልከል ደግሞ የጎግል ፍለጋ ላይ ያላችሁን ቦታ አይነካም።

4. ከሰርቨሩ ፊት መከላከያ አቁሙ

ሱቃችሁ ሾፒፋይ ላይ ከሆነ ሰርቨሩም ፋየርዎሉም በእነሱ እጅ ስለሆነ ይህን እለፉት። በራሳችሁ ሆስቲንግ ከሆናችሁ ግን ትራፊኩ ሰርቨሩ ጋ ሳይደርስ የሚያጣራ አገልግሎት ያስፈልጋችኋል። ለትንሽ ሱቅ የክላውድፍሌር ነፃ ፕላን በቂ መነሻ ነው። አካውንት ትከፍታላችሁ፣ ዶሜይኑን ታስገባላችሁ፣ ዶሜይኑን በገዛችሁበት ቦታ ያሉትን ኔምሰርቨሮች (ዶሜይኑ ወዴት እንደሚመራ የሚናገሩትን አድራሻዎች) እነሱ በሚሰጧችሁ ሁለት ትቀይራላችሁ፣ አለቀ። ነፃው ፕላን አምስት የራሳችሁን ደንቦችና አንድ የጥያቄ ብዛት ገደብ ይሰጣችኋል። በደንብ ከታሰበባቸው ይበቃሉ።

ከዚያ ብዙ ሰው የሚዘነጋቸው ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ ሰርቨሩ ከአሁን በኋላ የሚያየው አይፒ የክላውድፍሌርን ነው። የጎብኚው እውነተኛ አይፒ በሄደር (ከጥያቄው ጋር በሚላክ ተጨማሪ መረጃ) ይመጣል፣ ሰርቨሩ እሱን እንዲያነብ አድርጉ። ይህ ካልተስተካከለ የደኅንነት ፕለጊናችሁ አንድ አጥቂ አገድኩ ብሎ ክላውድፍሌርን ያግዳል፣ በዚያ በኩል የሚመጣ ደንበኛም አብሮ ይታገዳል። ሁለተኛ፣ የሰርቨሩ የቀድሞ አይፒ በአሮጌ የዲኤንኤስ መዝገብ ውስጥ ይገኛል። አጥቂው በቀጥታ እሱን ከመታ ከፊት ያቆማችሁት ሁሉ ከንቱ ነው። የሰርቨሩ ፋየርዎል ከክላውድፍሌር አይፒዎች ውጭ ምንም የድር ትራፊክ እንዳይቀበል አድርጉ። በጋራ ሆስቲንግ ላይ ይህን ማድረግ የምትችሉት ሆስቲንጉ ከፈቀደ ነው፣ ጠይቁ።

ደንቦቹን እኔ ብሆን እንዲህ ነው የምጽፋቸው። በመጀመሪያው የታወቁና የተረጋገጡ ቦቶችን፣ ከነሱ ጋር የክፍያ አቅራቢውን የዌብሁክ አድራሻ አሳልፋለሁ። በሁለተኛው በማጣሪያና በፍለጋ አድራሻዎች ላይ የሚመጣውን ሌላ ሁሉ በፈተና (ሰው መሆኑን በሚያጣራ የክላውድፍሌር ገጽ) አሳልፋለሁ፤ እውነተኛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ምንም ሳይነካ ያልፈዋል። በሦስተኛው የመግቢያ ገጹንም በፈተና አጥራለሁ። አራተኛውንና አምስተኛውን ሎጉ ለሚያሳየኝ ነገር እተዋቸዋለሁ። ለኤአይ ቦቶች ክላውድፍሌር በ2024 ያመጣው በአንድ ጠቅታ የሚያግድ ማብሪያ አለ፣ ለእሱ ደንብ አታባክኑ።

ክላውድፍሌር ቦት የመሰለውን በራሱ የሚይዝበትን «ቦት ፋይት ሞድ» የሚለውን ማብሪያ ግን አይታችሁ አብሩት። በነፃው ፕላን ላይ በደንብ ልታሳልፉበት አትችሉም፣ ስለዚህ ዌብሁካችሁን ሊይዝባችሁ ይችላል። ካበራችሁት ወዲያው የሙከራ ክፍያ ፈጽማችሁ ትዕዛዙ ወደ «ተከፍሏል» መቀየሩን እዩ።

አገር ስለማገድ አንድ ነገር ልበል። ዕቃ ወደማትልኩበት አገር ሁሉ መዝጋት ቀላል ይመስላል። ግን ቪፒኤን የሚጠቀም ደንበኛ አለ፣ ጉዞ ላይ ሆኖ ለቤተሰቡ የሚያዝ ሰው አለ። አጥቂው ደግሞ የሰው ቤት ኢንተርኔት ተከራይቶ ከፈለገው አገር መምጣት ይችላል። ከማገድ ይልቅ ፈተና አድርጉበት።

5. የክፍያ ገጹን በተለየ ጠብቁ

ጊዜያችሁ ውስን ከሆነ ከዚህ ሁሉ ይህችን ብቻ እንኳ ሥሩ፣ ምክንያቱም ሌላው ሳይቱን ያዘገያል፣ ይሄ ግን የክፍያ አካውንታችሁን ያስዘጋዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሌቦች የተሰረቁ የካርድ ቁጥሮችን በጅምላ ይገዛሉ፣ የትኞቹ አሁንም እንደሚሠሩ ግን አያውቁም። ስለዚህ ቦት አዘጋጅተው ጥበቃው የላላ ትንሽ ሱቅ ላይ ርካሽ ዕቃ እየገዙ አንድ በአንድ ይሞክሯቸዋል። ዕቃውን አይፈልጉትም። የሚፈልጉት «ተሳክቷል» የሚለውን መልስ ነው። እናንተ ጋ የሚቀረው እዳው ነው፦ አንዳንድ አቅራቢዎች ለእያንዳንዱ ሙከራ ያስከፍላሉ፣ የተሳካው ክፍያ ባለካርዱ ሲያይ ክርክር ሆኖ ከቅጣት ጋር ይመለሳል፣ ውድቅ የሚሆነው ክፍያ ሲበዛ ደግሞ አቅራቢው አካውንታችሁን በጥርጣሬ ማየት ይጀምራል።

መጀመሪያ ተርንስታይልን ወይም ሪካፕቻን (ሁለቱም የካፕቻ አገልግሎቶች ናቸው) የክፍያ ገጹ ላይ ጨምሩ። ውጤቱ ሰርቨሩ ላይ መረጋገጡን አጣሩ፤ ገጹ ላይ ብቻ የሚታይ ካፕቻ ምንም አይከላከልም፣ ቦቱ ገጹን ጭራሽ አይከፍተውምና። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሸወደው። አዲሱ ዉኮሜርስ ስቶር ኤፒአይ የሚባል፣ ፕሮግራሞች በቀጥታ የሚገናኙበት መግቢያ አለው፣ ቦቶች የክፍያ ገጹን ሳያዩ በቀጥታ እዚያ ላይ ትዕዛዝ ይጥላሉ። ገጹን በፈተና አጥራችሁ ያልተሳኩ ትዕዛዞች መምጣታቸው ካልቆመ ሎጉ ውስጥ ይህንን አድራሻ ፈልጉ። የምትጠቀሙት የካፕቻ ፕለጊን ይህንንም መሸፈኑን አረጋግጡ፣ ዉኮሜርስን አዘምኑ፣ የጥያቄ ገደቡንም እዚህ ላይ አድርጉ። የክላውድፍሌርን የፈተና ገጽ ግን በኤፒአይ አድራሻ ላይ አትጫኑ። ያንን ጥያቄ የሚልከው ከጀርባ ያለ ጃቫስክሪፕት ነው፣ የፈተና ገጽ ሲመጣለት ምን እንደሚያደርግ አያውቅም፣ ደንበኛው አዝራሩን ተጭኖ ዝም ይልበታል።

ገደቡን በአይፒ ብቻ አታድርጉት። አጥቂው በየሙከራው አይፒ ይቀያይራል። በሴሽንና በኢሜይልም ቁጠሩ። ከሁሉም በላይ ደግሞ በጠቅላላ ቁጠሩ፦ በሰዓት ሁለት ሦስት ትዕዛዝ የሚገባበት ሱቅ ላይ በአሥር ደቂቃ ሠላሳ ክፍያ ውድቅ ከሆነ፣ ከየትም ይምጡ፣ ችግር አለ ማለት ነው። ያኔ የሚጮህ ማሳወቂያ ወደ ስልካችሁ እንዲመጣ አድርጉ።

በክፍያ አቅራቢያችሁ ዳሽቦርድ ላይ ከካርዱ ጀርባ ያለው የደኅንነት ቁጥር ካልገጠመ ክፍያው ውድቅ እንዲሆን አዙ። ስሪዲ ሴኪዩር (ባንኩ ባለካርዱን በተጨማሪ የሚያረጋግጥበት) ካለ አጠራጣሪ ለሆኑት አብሩት። ክፍያ ሲከሽፍ ለደንበኛው የምታሳዩት መልእክት አጠቃላይ ይሁን፤ «የደኅንነት ቁጥሩ ስህተት ነው» እና «ካርዱ ጊዜው አልፏል» ብሎ መለየት ለሌባው ነፃ መረጃ ነው። ደንበኛው የፈለገውን መጠን የሚጽፍበት የስጦታ ወይም የእርዳታ ገጽ ካላችሁ ዝቅተኛ መጠን ወስኑለት። በአካውንት ውስጥ «ካርድ ጨምር» የሚለው ገጽም ለዚሁ ሥራ ስለሚውል አትርሱት።

ጥቃቱ ካለፈ በኋላ የተሳኩትን የሌባ ክፍያዎች ለዩና እናንተው ቀድማችሁ ገንዘቡን መልሱ። ባለካርዱ ባንኩ ጋ ሄዶ ክርክር ከከፈተ በኋላ መመለስ አይጠቅማችሁም። ለክፍያ አቅራቢውም ጻፉለት፣ ምን እንደተከሰተና ምን እንዳስተካከላችሁ ንገሩት። ዕቃውንም አትላኩ።

6. መግቢያ፣ ቅጾች፣ ኩፖን

ዎርድፕረስ ላይ ኤክስኤምኤል አርፒሲ የሚባል አሮጌ በር አለ። በአሮጌ የዎርድፕረስ ስሪቶች በአንድ ጥያቄ ውስጥ ብዙ የፓስወርድ ግምት ማሸግ ያስችል ነበር፣ ዛሬም ቦቶች ፓስወርድ ለመገመት ያንኳኩታል። ጄትፓክ የተባለውን ፕለጊን ወይም በዚህ በር የሚሠራ መተግበሪያ የማትጠቀሙ ከሆነ ዝጉት። ለአድሚኖች በሙሉ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ አድርጉ፣ ያለ ድርድር። የደንበኞችን አካውንት በተመለከተ አጥቂዎቹ ከሌላ ሳይት የተሰረቀ ኢሜይልና ፓስወርድ ይዘው ስለሚመጡ፣ ያልተሳካ ሙከራን በአካውንትም በአይፒም ቁጠሩ።

ለመልእክትና ለምዝገባ ቅጽ ከካፕቻ በፊት ወጥመድ ሞክሩ። ሰው የማያየው አንድ ባዶ ሳጥን ቅጹ ላይ ትጨምራላችሁ፣ ቦት ያገኘውን ሳጥን ሁሉ ስለሚሞላ በዚያ ይያዛል። ሳጥኑ ግን ስክሪን ሪደር ለሚጠቀሙ ዓይነ ስውራን እንዳይነበብ፣ በታብ ቁልፍም እንዳይደረስበት፣ ብራውዘሩም በራሱ እንዳይሞላው አድርጉ። አለበለዚያ ወጥመዱ ሰው ይይዛል። ቅጹ ከተከፈተ በሁለት ሰከንድ ውስጥ ተሞልቶ ከተላከም የሰው እጅ አይደለም።

ኩፖናችሁ አጭርና የሚገመት ከሆነ ቦት ይገምተዋል። ረጅም አድርጉት። ዕቃ ይዞ የማይከፍል ቦት ካጋጠማችሁ ደግሞ ዉኮሜርስ ያልተከፈለ ትዕዛዝ ዕቃውን የሚይዝበት ጊዜ ሳይነካ 60 ደቂቃ ነው። ደንበኞቻችሁ ለመክፈል የሚፈጅባቸውን አስባችሁ አሳጥሩት።

7. ራሳችሁ ደንበኛ ሆናችሁ ግቡ

እያንዳንዱን ደንብ ካወጣችሁ በኋላ ከስልክ፣ በሞባይል ዳታ፣ አካውንት ሳትገቡ ግዙ። ከቢሮ ኮምፒውተር መሞከር ምንም አይነግራችሁም። በሞባይል ዳታ ብዙ ሺህ ሰው በአንድ አይፒ ሊወጣ ይችላል፣ ስለዚህ «በደቂቃ ከአንድ አይፒ ሃያ ጥያቄ» የሚል ጠባብ ገደብ በሥራ ሰዓት እውነተኛ ገዢዎችን ይዘጋል። ገደቡን መጀመሪያ ሰፋ አድርጋችሁ ጀምሩ፣ ማን እንደተያዘ ሎጉ ላይ እያያችሁ አጥብቡት። የዌብሁክ ዝርዝሩንም ክፈቱና ያልደረሰ ካለ እዩ። በጎግል ሰርች ኮንሶል አንድ የዕቃ ገጽ አስገብታችሁ ጎግልቦት ማየት መቻሉን ፈትሹ። ለጎግልቦት 429 («ጥያቄ በዛ») ወይም 503 («አሁን አልችልም») የሚል መልስ ለጥቂት ሰዓት መመለስ ጉዳት የለውም፣ ከሁለት ቀን በላይ ከቀጠለ ግን ገጾቻችሁ ከፍለጋ መውጣት ሊጀምሩ ይችላሉ።

ድንገት ከባድ ጥቃት ከመጣና ሳይቱ ከወደቀ ክላውድፍሌር ላይ «አንደር አታክ» የሚለውን አብሩ። የሚገባውን ሁሉ ለጥቂት ሰከንድ አቁሞ ያጣራል። የሚያልፉ ደንበኞችንና ዌብሁኮችንም ስለሚነካ ጥቃቱ ሲበርድ አጥፉት፤ ማጥፋቱን እንዳትረሱ ስልካችሁ ላይ ማስታወሻ ሙሉ።

ከዚያ በኋላ በሳምንት አንድ ቀን ሎጉን፣ ያልተሳኩ ክፍያዎችንና የታገዱትን ዝርዝር እዩ። ለእያንዳንዱ ደንብ የወጣበትን ቀንና ምክንያቱን ከጎኑ ጻፉ። ከወራት በኋላ አንድ ደንበኛ «መክፈል አቃተኝ» ብሎ ሲጽፍላችሁ መጀመሪያ የምትከፍቱት ያንን ዝርዝር ነው፣ ምክንያቱ ያለፈበትን ደንብ ከዚያ ላይ አንሱ።